ጌሙ ጥርት ያለ፣ ቀረጻው የተሰባበረ፦ ችግሩን የፈታሁበት መንገድ

ጌሙ ውስጥ ፈረስ እየጋለብኩ ነው። ዝናብ ይዘንባል፤ ረጅሙ ሣር በነፋስ ይተኛል፣ ይነሳል። ስክሪኔ ላይ እያንዳንዱ ቅጠል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጨዋታውን ጨርሼ የቀረጽኩትን ቪዲዮ ከፈትኩት። ፈረሱ ቆሞ ሳለ ምስሉ ጥሩ ነው። መጋለብ ሲጀምር ግን ሁሉም ነገር ተሰባበረ። ሣሩ አረንጓዴ ጭቃ መሰለ። ጨለምለም ያለው ሰማይ ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተደርድረው ይርገበገባሉ። ፈረሱ ሲቆም ምስሉ ተመልሶ ይጠራል።

ይቺን ነገር ያኔውኑ ልብ ብያት ቢሆን ኖሮ ሁለት ሳምንት አልደክምም ነበር። ሲቆም የሚጠራ፣ ሲንቀሳቀስ የሚሰባበር ምስል ችግሩን ራሱ ይናገራል። እኔ ግን ግራፊክስ ካርዴን ጠረጠርኩ። ድራይቨሩን አደስኩ። የጌሙን ግራፊክስ ዝቅ አደረግኩ። ለውጥ የለም። ጌሙ ስክሪን ላይ ጥርት ብሎ እስከታየ ድረስ ካርዱ ድርሻውን ተወጥቷል። ጥፋቱ የሚፈለገው ከዚያ ወዲህ ነው።

መንገዱ የተገለጠልኝ አንድ ፍሬም (ከቪዲዮው አንድ ነጠላ ምስል) ይዤ መከተል ስጀምር ነው። ፈረሱ አጥር የሚዘልበትን ቅጽበት መረጥኩ። መጀመሪያ ጥሬው ቀረጻ ላይ፣ ቀጥሎ ኤዲት ተደርጎ ኤክስፖርት የሆነው ላይ፣ በመጨረሻ ዩቲዩብ ላይ የተጫነው ላይ ያንኑ ፍሬም አቁሜ አየሁ። ጥሬው ላይ ገና ተሰባብሯል። ስለዚህ ችግሩ የሚጀምረው ከመቅረጫው ነው።

የምቀርጸው ኦቢኤስ በሚባል የስክሪን መቅረጫ ፕሮግራም ነው። ሴቲንጉን ስከፍት የቀረጻው ጥራት ከላይቭ ስርጭቱ ጋር አንድ እንዲሆን ተደርጓል። የላይቩ ቢትሬት (ለአንድ ሰከንድ ቪዲዮ የሚመደበው የዳታ መጠን) ደግሞ በሰከንድ 2500 ኪሎቢት ነው። እኔ ላይቭ ገብቼ አላውቅም! ለኢንተርኔት መስመር ተብሎ በተቆጠበ መጠን ሃርድ ዲስኬ ላይ ስቀርጽ ከርሜያለሁ።

ሒሳቡን ስሠራው ደነገጥኩ። አንድ የ1080ፒ ፍሬም 1920 በ1080 ነው፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፒክስል። በሰከንድ 60 ፍሬም ሲሆን፣ ለአንድ ፒክስል 24 ቢት ብንይዝ፣ ሳይታመቅ ወደ 3 ጊጋቢት ይጠጋል። ይህን ነው 2500 ኪሎቢት ውስጥ ክተት ያልኩት፤ ወደ 1200 እጥፍ ማመቅ ማለት ነው። ኤች.264 የሚባለው የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ ይህን የሚወጣው ምስሉን 16 በ16 ፒክስል በሆኑ ብሎኮች ከፋፍሎ፣ ካለፈው ፍሬም የተለወጠውን ብቻ በመመዝገብ ነው። ፈረሱ ሲቆም የሚለወጠው ነገር ትንሽ ስለሆነ የቢት በጀቱ ይበቃል። ሲጋልብ ሣሩም ዝናቡም ደመናውም አንድ ላይ ይለወጣል። በጀት ሲያልቅ ኢንኮደሩ (ቪዲዮውን የሚያምቀው ክፍል) በየብሎኩ ውስጥ ያለውን ረቂቅ ነገር ይጥላል፤ የብሎኩ ጠርዝ ይጋለጣል። ሰማዩ ላይ ያየኋቸው አራት ማዕዘኖች እነዚያ ናቸው።

መጀመሪያ ቢትሬቱን ወደ 40000 ከፍ አደረግኩት። ምስሉ ተስተካከለ፤ ፋይሉ ግን በሰዓት 18 ጊጋባይት ሆነ። ሜኑ ላይ ቆሜ ዕቃ ስመርጥ እንኳ ያንኑ ያህል ይበላል። ያ አላስደሰተኝም። ከዚያ ሲኪውፒ ወደሚባለው አሠራር ተሻገርኩ። እዚህ የሚወሰነው ጥራቱ ነው፤ ቢትሬቱ እንደ ምስሉ ይወጣል፣ ይወርዳል። ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱም ፋይሉም ይጨምራል። ያቺኑ የዝናብ ግልቢያ ሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ እያደረግኩ በ28፣ በ23፣ በ18 እና በ15 ቀረጽኳት። በ28 ሣሩ ይሟሟል። በ23 ቆሞ ያምራል፣ ሲጋልብ ትንሽ ይለሰልሳል። በ18 ከጌሙ መለየት አቃተኝ። በ15 የጨመረው ፋይሉ ብቻ ነው። በ18 ረጋሁ። የእናንተ ጌም ሣርና ዝናብ ከሌለው 23ም ሊበቃችሁ ይችላል፤ በራሳችሁ ጌም ከባዱ ቦታ ላይ ሞክሩት።

መሃል ላይ አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። የተሻለ ጥራት ፍለጋ በፕሮሰሰሩ የሚሠራውን ኢንኮደር ኤክስ264ን በዘገምተኛ ፕሪሴት (ዝግጁ ሴቲንግ) ሞከርኩ። ምስሉ ጠርቶ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፕሮሰሰሩ ጌሙንም ኢንኮዲንጉንም ተሸክሞ ፍሬም እየዘለለ ነበር፤ የኦቢኤስ ስታትስ መስኮት ላይ የተዘለለው ፍሬም ቁጥር ሲሮጥ ይታያል። ወደ ኤንቬንክ፣ ማለትም በግራፊክስ ካርዱ ወደሚሠራው ኢንኮደር ተመለስኩ፤ እሱ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ለዚሁ ሥራ የተለየ ክፍል አለው። ሌላም ነገር ታዘብኩ። ቪዲዮው ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ደብዘዝ ብሎ አራት ማዕዘን ካላያችሁ ቢትሬቱን አትንኩ፤ ምናልባት የአውትፑት ሪዞሉሽኑ 720ፒ ላይ ተቀምጦ ይሆናል።

ፋይሉን በኤምኬቪ ፎርማት ነው የማስቀምጠው። ኮምፒውተሩ ድንገት ቢጠፋ እስከዚያ የተቀረጸው ይተርፋል፤ በኋላ ጥራቱ ሳይነካ ወደ ኤምፒ4 ይቀየራል።

ጥሬው ከተስተካከለ በኋላ ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ መልሶ አበላሸብኝ። ኤክስፖርቱ 8 ሜጋቢት ላይ ነበር፤ 50 አደረግኩት። ዩቲዩብ ደግሞ የተጫነውን ሁሉ እንደገና ያምቃል። ቪዲዮው ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጌ ዝርዝሩን ስከፍት ኮዴኩ (የማመቂያው ዘዴ) ኤቪሲ1 ይላል፤ ያው ኤች.264 ነው። ያንኑ 1080ፒ ቀረጻ ኤክስፖርት ላይ ወደ 1440ፒ አሳድጌ ስጭነው ቪፒ09 የሚባለውን የተሻለ ኮዴክ ሰጠኝ፤ ሣሩም ነፍስ ዘራ። ልክ እንደጫናችሁ ግን አትፍረዱ። ዝቅተኛው ጥራት ቀድሞ ይወጣል፣ ከፍተኛው ቆይቶ ይመጣል።

ያልተመለሰልኝ የድሮው ቀረጻ ነው። ከታናሽ ወንድሜ ጋር አንድ ጌም ለወራት ተጫውተን የመጨረሻውን አለቃ (የጌሙን ከባድ ጠላት) የጣልንበት ቪዲዮ በ2500 ነው የተቀረጸው። ብሎክ የሚያለሰልስ ፊልተር ሞከርኩ፤ ጭቃው ለሰለሰ እንጂ ሣር አልሆነም። በኤአይ የሚያጠራ ፕሮግራምም ሞከርኩ፤ ፊቶቹን ፕላስቲክ አስመሰላቸው። የተጣለውን ረቂቅ ነገር ከፋይሉ ማውጣት አይቻልም፤ ፕሮግራሙ በግምት የሳለውን ነው የሚያሳየኝ። ዋናውን ሳልነካ አስቀመጥኩት። የድምፁ ቢትሬት ከምስሉ የተለየ ስለሆነ አለቃው ሲወድቅ ወንድሜ የጮኸው ጩኸት አሁንም ጥርት ብሎ ይሰማል።