የረባሾች ስም ዝርዝር

ባስተማርኩባቸው 11 ዓመታት ከክፍሌ የማይጠፋ አንድ ወረቀት ነበረ። መምህር ሲዘገይ ወይም ስብሰባ ሲጠራ፣ የክፍል አለቃው ሰሌዳው አጠገብ ቆሞ የረባሾችን ስም ይጽፍበታል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ተጽፌበታለሁ። አስተማሪ ስሆን ልማዱን ሳልመረምር ተቀበልኩት፤ 52 ልጆችን በአንድ ክፍል ይዞ ማስተማር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ይረዳኛል።

ባለፈው ዓመት የአምስተኛ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። የካቲት ላይ አንዲት እናት የክፍሉ በር ላይ ጠበቁኝ። ልጃቸው ጠዋት ጠዋት ሆዱን ያመዋል። ጤና ጣቢያ ወስደውት ምንም አልተገኘበትም፤ ጠበልም አስጠምቀውታል። «ቅዳሜና እሁድ ግን ደህና ነው የሚውለው» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በ10 ዓመቱ እሁድ ሌሊት አልጋው ላይ መሽናት እንደጀመረ ነገሩኝ። ልጁ ሲናገር ይንተባተባል። ጽሑፉ የሚያምር፣ ሒሳብ የሚወድ ልጅ ነው፤ ግን «አቤት» ለማለት እንኳ ጊዜ ይወስድበታል።

ለብቻው ጠርቼ ጠየቅኩት። ከብዙ ዝምታ በኋላ ነገረኝ። ለማንበብ ሲነሣ ልጆቹ ዴስኩን በጣታቸው ይመታሉ። እሱ ፊደሉ ላይ በተያዘ ቁጥር ምታቸው ይፈጥናል። ፊት ለፊት ለቆምኩት ለእኔ አይሰማም፤ እሱ ግን ከዚያ በቀር ሌላ ድምፅ አይሰማም። የሚያስጀምራቸው የክፍል አለቃው ነው፤ እኔ የመረጥኩት፣ የምወደው፣ አንደኛ የሚወጣው ልጅ።

እኔም ሲደረግ እያየሁ ያደግኩትን አደረግኩ፤ አስታረቅኳቸው። ሁለቱን ፊት ለፊት አቁሜ አለቃውን ተቆጣሁ። ሽምግልና ከሁለቱም ወገን ጥፋት ይፈልጋልና ትንሹንም «አንተስ ምን አድርገኸው ነው?» አልኩት። ይህቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ ታመኛለች። አለቃው አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ» አለ። «ተሳሳሙ» አልኳቸው፤ ተሳሳሙ። ለእናቱም ነገሩ እንዳለቀ ነገርኳቸው።

በመጋቢት ልጁ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ይቀር ጀመር። ሲመጣም በምገባ ሰዓት ሰልፉ ላይ አላየውም። አንድ ቀን ደብተር ስሰበስብ፣ ከጎኑ የምትቀመጠው ልጅ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «ቲቸር፣ ካስታረቋቸው ወዲህ እኮ ነው የባሰበት። አቃጣሪ ይሉታል። ደግሞ ሳይረብሽ ነው ስሙን የሚጽፈው።»

ሳልጥላቸው መሳቢያዬ ውስጥ የቀሩትን ወረቀቶች አወጣሁ። 14 ነበሩ። በ11ዱ ላይ የእሱ ስም አለ፤ በሁለቱ ላይ ብቻውን። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ የሚቸገር ልጅ 11 ጊዜ «በወሬ» ተመዝግቦ፣ እኔም 11 ጊዜ አንበርክኬዋለሁ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ይጠብቃል፤ ይህን አውቅ ነበር፤ ማንበርከክን ግን ከዚያ አልቆጠርኩትም። ለምን አልነገረኝም እንዳልል ደግሞ ነገሩ ትዝ አለኝ። ስሙን ስጠራ «እ… እ…» ይላል። «እኔ» ብሎ ሳይጨርስ ወደሚቀጥለው ስም አልፌ ነበር።

አለቃውን ብቻውን ጠራሁት። ይክዳል ብዬ ስጠብቅ፣ «ባዶ ወረቀት ሳመጣልዎት ተቆጡኝ» አለኝ። እውነቱን ነው። ኅዳር ላይ «ከ52 ልጅ አንድም አልረበሸም? አለቅነቱን ለሌላ ልስጠው?» ብዬው ነበር። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ስም ማምጣት ነበረበት። የጉልበተኞቹን ስም ቢጽፍ ከበር ውጭ ይጠብቁታል። ስለዚህ መከራከር የማይችለውን ጻፈ። የጣት ምቱን ግን ማንም አላዘዘውም፤ ልጆቹ ስለሚስቁለት እንደጀመረው ራሱ ነገረኝ። ለዚያ ተጠያቂ ነው፤ ወላጆቹም ተጠርተው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ተከታትለነዋል።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። በኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በተማሪ ላይ የሚያደርሰውን ጥቃት ለረጅም ዘመን ያጠናው ተመራማሪ ዳን ኦልቪዩስ፣ ይህን ጥቃት ከተራ የልጆች ጠብ የሚለዩ ሦስት ነገሮችን ይጠቅሳል፤ ሆነ ተብሎ መደረጉ፣ መደጋገሙ፣ የኃይል ሚዛኑም እኩል አለመሆኑ። ሦስተኛው አስደነገጠኝ። ጠብ ቢሆን ኖሮ እርቅ ያበርደው ነበር። እኔ ግን በዳይንና ተበዳይን እኩል አቁሜ አሳሳምኩ፤ ለበዳዩ ሚዛን ላይ እስክሪብቶና ወረቀት የጨመርኩትም ራሴ ነኝ።

ሲያድጉ ይረሱታል የሚሉ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1958 በብሪታንያ በአንድ ሳምንት ከተወለዱ ልጆች መካከል 7,771ዱን የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት አለ። በ7 እና በ11 ዓመታቸው ደጋግመው የተጠቁት ልጆች 45 ዓመት ሲሞላቸው ለድባቴና ለጭንቀት ይበልጥ ተጋላጭ ሆነው ተገኝተዋል፤ በ50 ዓመታቸውም የሥነ ልቦና ጫናው አልለቀቃቸውም። ይህን ሳነብ የታየኝ ያ ልጅ የ50 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ፣ ስብሰባ ላይ እጁን ሊያወጣ ብሎ ሲመልሰው ነው።

ብዙ አላደረግኩም። ወረቀቱን አስቀረሁ፤ ማንበርከክንም ተውኩ። ሁለቱን ዳግመኛ ፊት ለፊት አላገናኘኋቸውም። በእረፍት ሰዓት ከመምህራን ክፍል ወጥቼ ግቢው ውስጥ መቆም ጀመርኩ። ያቺን የነገረችኝን ልጅ ስሟን ለማንም አላወጣሁም። ልጁ ዛሬም ይንተባተባል፤ እሁድ ሌሊት ግን አልጋው ደርቆ ማደር መጀመሩን እናቱ ሰኔ ላይ ነግረውኛል።

ወረቀቱ መቅረቱን ለክፍሉ የነገርኩ ዕለት፣ አስቀድሜ ፈቃዱን ጠይቄ፣ ያለ ጥፋቱ ስላንበረከክኩት በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኩት። ሌሎቹ ለእረፍት ሲወጡ እሱ ቀረ።

«ሰ… ሰኞም አይጻፍም?»

«አይጻፍም።»

«ማ… ማክሰኞስ?»

«ማክሰኞም አይጻፍም።»

እስከ ዓርብ ድረስ እያንዳንዱን ቀን ጠየቀኝ። ሐሙስ ላይ ብዙ ቆየ። ጠበቅኩት።