የሦስት ከረንት ሴንሰሮች ሲግናል በአንድ አናሎግ ፒን

ከአንድ ባትሪ የሚወጡ ሦስት መስመሮች በድምሩ ስንት አምፔር እንደሚስቡ በአንድ የአርዱዊኖ ኡኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ) ፒን ለማንበብ፣ ሦስት ባለ 30 አምፔር ኤሲኤስ 712 ሴንሰሮች (ከረንቱን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይሩ) ይበቃሉ። አውትፑታቸውን ግን በቀጥታ እንዳታገናኙ። ሁሉም የራሱን ቮልቴጅ ለመያዝ ስለሚሞክር አንዱ ሌላው ላይ ከረንት ይገፋል፤ ንባቡም ዋጋ ያጣል።

በየአውትፑቱ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (ባለ 1 ፐርሰንቱን) አስገቡና ሌላኛውን ጫፋቸውን አንድ ላይ አስራችሁ ወደ ኤ0 (የኡኖው አናሎግ ፒን) ውሰዱ። ከመገናኛው ወደ ግራውንድ 100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር ጨምሩ። ሴንሰሩ ከ4.7 ኪሎ ኦም በታች ሎድ ስለማይችል ሬዚስተሩን አታሳንሱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ መገናኛው ላይ የምታገኙት አማካዩን እንጂ ድምሩን አይደለም። ከረንት ሳይኖር እያንዳንዱ ሴንሰር 2.5 ቮልት ይሰጣል፤ አማካዩም ያው 2.5 ነው። በእያንዳንዱ አምፔር የሚጨምረው 66 ሚሊ ቮልት ግን ለሦስት ተካፍሎ 22 ይሆናል። መስመሮቹ 10፣ 4 እና 1 አምፔር ቢስቡ 2.83 ቮልት ታነባላችሁ። 2.5 ቀንሳችሁ ለ0.022 ስታካፍሉ 15 አምፔር ይመጣል። 2.5 የሚሆነው ግን ሰፕላዩ ልክ 5 ቮልት ሲሆን ብቻ ነው። ዩኤስቢው 4.8 ከሰጠ ዜሮው (ከረንት ሳይኖር የሚነበበው ቮልቴጅ) 2.4 ይሆናል፤ ስለዚህ ሦስቱንም መስመሮች አጥፍታችሁ ዜሮውን ራሳችሁ ለኩ።

የምትከፍሉት ዋጋ አለ። ኡኖ ለይቶ የሚያነበው ትንሹ እርምጃ 4.9 ሚሊ ቮልት ገደማ ስለሆነ ከ0.22 አምፔር ያነሰ ለውጥ አይታይም። በኦፕ አምፕ (ሲግናል የሚያጎላ ቺፕ) ሦስት እጥፍ ማጉላት ይቻላል፤ ለምሳሌ ፊድባኩ ላይ (ከአውትፑቱ ወደ ማይነስ ኢንፑቱ) 20 ኪሎ ኦም፣ ከማይነስ ኢንፑቱ ወደ ታች 10 ኪሎ ኦም። የታችኛው ሬዚስተር ግን ግራውንድ ላይ ከታሰረ 2.5ቱም አብሮ ተባዝቶ 7.5 ቮልት ስለሚፈልግ አውትፑቱ ከፍተኛው ቮልቴጁ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በ2.5 ቮልት ሪፈረንስ (ቋሚ መነሻ ቮልቴጅ) ላይ እሰሩት። ኤምሲፒ 6002 የሚባለው ኦፕ አምፕ ለዚህ ጥሩ ነው፤ በውስጡ ሁለት ኦፕ አምፕ ስላለ ሁለተኛው ሪፈረንሱን ባፈር ያደርጋል (ቮልቴጁ ሳይዋዥቅ እንዲቆይ ይይዘዋል)። ሌላው ኦፕ አምፕ ኤልኤም 358 ግን በ5 ቮልት ሰፕላይ አውትፑቱ ከ3.5 ብዙም ስለማያልፍ ንባቡ 15 አምፔር አካባቢ ይቆማል።

የፒን እጥረት ከሌለባችሁ ግን ሦስቱን ለየብቻ አንብባችሁ በኮድ ደምሩ፤ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። በሬዚስተሩ ዘዴ የአንዱ ሴንሰር የሲግናል ሽቦ ቢበጠስ መገናኛው የቀሪዎቹን የሁለቱን አማካይ ይይዛል። ዜሮው ያው 2.5 ሆኖ ስለሚቀር፣ አምፔሩ ስህተት ቢሆንም ሁሉም ነገር ጤነኛ ይመስላል።