26 በመቶው ካልወጣ ሞዴል አይከፈትም፦ በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዳታ ምርምር የሠራሁበት መንገድ

ጥያቄው አጭር ነው፦ በኢትዮጵያ አንዷ እናት ጤና ተቋም ሄዳ ስትወልድ ሌላዋ ቤቷ የምትወልደው ለምንድን ነው? ዳታውም ተሰብስቦ የተቀመጠ ነው፤ ያኔ ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ከጥር እስከ ሰኔ 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) ያካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት። እንዲህ ያለ ዳታ እጁ የገባ ሰው ቶሎ ብሎ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን (አዎ ወይም አይደለም የሆነ ውጤትን ከምክንያቶቹ ጋር የሚያያይዝ ሞዴል) ማስኬድ ያምረዋል። እኔ የያዝኩት ደንብ ሌላ ነው። ሪፖርቱ ከጥናቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከተወለዱት ሕፃናት 26 በመቶው በጤና ተቋም ተወለዱ ይላል። ይህን ቁጥር ከጥሬው ፋይል ራሴ እስካላወጣሁ ድረስ ሞዴል አልነካም። 26 ካልወጣ ወይ ፋይሉ፣ ወይ ኮዱ፣ ወይ የናሙና ክብደቱ (እያንዳንዱ መስመር በስሌቱ ውስጥ የሚኖረውን ድርሻ የሚያስተካክለው ቁጥር) ተሳስቷል ማለት ነው፤ ሞዴሉ ደግሞ ስሕተቱን ሸፍኖ ያማረ ሰንጠረዥ ያወጣል።

መጀመሪያ የሚመረጠው ፋይል ነው። ጥናቱ በአንድ ፋይል አይመጣም፤ የቤተሰብ፣ የሴቶች፣ የወንዶች፣ የልጆች፣ የልደት እያለ ተለያይቶ ይወርዳል። የሴቶቹ ፋይል 15,683 መስመር አለው፤ አንድ መስመር አንዲት ሴት ናት። የልጆቹ ፋይል 10,641 መስመር ሲኖረው እዚህ አንድ መስመር አንድ ልደት ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የወለደች ሴት ሁለት ቦታ ትገኛለች። ሪፖርቱ የቆጠረው ልደትን ስለሆነ ለእኔ ጥያቄ የሚሆነው የልጆቹ ፋይል ነው። ከተወለዱ በኋላ የሞቱት ሕፃናትም በፋይሉ ውስጥ አሉ፤ መውጣት የለባቸውም። በሕይወት ያሉትን ብቻ የሚያስቀር ሰው ለክትባት ጥናት ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ለወሊድ ቦታ ግን አይደለም።

ቀጥሎ ኮዱ። የወሊድ ቦታ የሚገኘው ኤም15 በሚባለው ቫሪያብል ነው። ከ10 እስከ 19 ያሉት ኮዶች ቤት ናቸው፤ የራሷ ወይም የሌላ ሰው። በ20ዎቹ የመንግሥት ተቋም፣ ከዚያ በላይ የግልና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ተቋማት ይመጣሉ። ጤና ኬላ ከመንግሥት ተቋማት ጋር ይቆጠራል። «20 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተቋም በል» ብሎ በአንድ መስመር መጨረስ ቀላል ይመስላል፤ ጉዱ ያለው እዚያ ነው። 96 ማለት «ሌላ» ማለት ነው፤ በዚያ ትእዛዝ መንገድ ላይ የወለደችውም ተቋም ውስጥ ትገባለች። ይባስ ብሎ ስታታ የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ባዶውን እሴት ከማንኛውም ቁጥር እንደሚበልጥ አድርጎ ስለሚያየው መልስ ያልተገኘበት ሁሉ «በተቋም ወለደች» ይሆናል። በልጆቹ ፋይል ጉዳቱ ትንሽ ነው። በልደት ፋይሉ ላይ ግን ከአምስት ዓመት በፊት የተወለዱት ሁሉ ይህ ጥያቄ ስላልቀረበላቸው ባዶ ናቸው፤ እነሱን በሙሉ ጤና ጣቢያ አስወልዶ መነሣት ነው። ስለዚህ የላይኛውን ወሰን ጻፉ፣ ባዶውን ለብቻ አውጡ፣ ከዚያም አዲሱን ቫሪያብል ከድሮው ጋር አጋጭታችሁ እያንዳንዱ ኮድ የት እንደገባ በዓይናችሁ እዩ።

ወደ ክብደቱ ስንመጣ፣ ይህ ጥናት የተዘጋጀው ለእያንዳንዱ ክልል የየራሱን አሐዝ እንዲሰጥ ነው። ሕዝቡ ትንሽ የሆነ ክልል ከድርሻው በላይ ናሙና ይወሰድበታል። ሐረሪ ውስጥ 906 ሴቶች ተጠይቀዋል፤ በክብደት ሲሰላ 38 ብቻ ናቸው። ኦሮሚያ ውስጥ የተጠየቁት 1,892 ሲሆኑ በክብደት 5,701 ይሆናሉ። ከአዲስ አበባ የተጠየቁት 1,824፣ ከአማራ ክልል 1,719 ናቸው፤ በጥሬው ፋይል አዲስ አበባ ከአማራ ክልል ትበልጣለች ማለት ነው። አዲስ አበባ በተቋም መውለድ 97 በመቶ ስለደረሰ ያለ ክብደት የተሠራ አገራዊ አሐዝ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይወጣል። ክብደቱ ቪ005 ነው፤ ያለ ነጥብ የተጻፈ ስለሆነ ለ1,000,000 መካፈል አለበት። ተካፍሎ ሲደመር በልጆቹ ፋይል ወደ 11,023 መምጣት አለበት፤ በሪፖርቱ ሰንጠረዥ ግርጌ ያለው ድምር ይኸው ነው። ድምሩም 26 በመቶውም ከገጠሙ እፎይ ማለት ይቻላል።

ካልገጠሙስ? ብዙ ጊዜ የማየው 33 በመቶ አካባቢ ነው፤ ይህን የሚያመጣው የመጨረሻውን ልደት ብቻ መውሰድ ነው። የእርግዝና ክትትል ጥያቄ ለመጨረሻው ልደት ብቻ ስለተጠየቀ ክትትልን ሞዴሉ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ሳያውቀው ፋይሉን ወደ 7,193 መስመር ያወርደዋል። የመጨረሻ ልደቶች ደግሞ በአማካይ ቅርብ ጊዜ የሆኑ ናቸው፤ አገሪቱ በተቋም መውለድን በፍጥነት እየጨመረች በነበረበት ወቅት ቅርቡ ከሩቁ ከፍ ይላል። ቶሎ ቶሎ የሚወልዱ እናቶችም ድርሻቸው ይቀንሳል። 33 በመቶው በራሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን የእናቶች አሐዝ ነው፣ የልደቶች አይደለም። የትኛውን እንደያዛችሁ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉ። እኔ ዋናውን ሰንጠረዥ በልደቶች ሠርቼ ክትትልን ለብቻው በመጨረሻ ልደቶች ላይ አየሁት።

ናሙናው ሁለት ደረጃ አለው፦ በመጀመሪያ 645 የቆጠራ ቦታዎች (202 ከከተማ፣ 443 ከገጠር)፣ ቀጥሎ ከእያንዳንዱ 28 ቤተሰብ። የአንድ ቀበሌ እናቶች በአንድ ጤና ጣቢያ የሚገለገሉ፣ በአንድ መንገድ የሚሄዱ ስለሆኑ መልሳቸው ይመሳሰላል። እያንዳንዷን ለብቻዋ የቆመች ምስክር አድርጎ የሚቆጥር ስሌት ስታንዳርድ ኤረሩን (ግምቱ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚለካውን) ያሳንሳል፤ ውሃ የማያነሣ ልዩነት ሁሉ «ጉልህ ነው» የሚል ኮከብ ይለጠፍበታል። በስታታ ስቪዋይሴት በሚባለው ትእዛዝ፣ አር በተባለው ሶፍትዌር ደግሞ ሰርቬይ በሚባለው ፓኬጅ ክላስተሩን (የቆጠራ ቦታውን፣ ቪ021)፣ ስትራታውን (ናሙናው አስቀድሞ የተከፈለበትን ምድብ) እና ክብደቱን አንድ ላይ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ስትራታው 21 መሆን አለበት፤ በጥናቱ ወቅት የነበሩት 11 ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች በከተማና በገጠር ሲከፈሉ 22 ይሆናሉ፣ አዲስ አበባ ገጠር ስለሌላት አንዱ ይቀነሳል። በልጆቹ ፋይል የክላስተሮቹ ቁጥር ከ645 ዝቅ ሊል ይችላል፤ አይደንግጣችሁ፣ ልጅ ያልተወለደበት ክላስተር ይኖራል። የገጠሩን ብቻ ማየት ስትፈልጉ የከተማውን መስመር አትሰርዙ፤ ሰብፖፕ በሚለው አማራጭ ሥሩ። መስመር ሲሰረዝ የናሙናው አሠራር አብሮ ይበላሻል፤ አንዳንዱ ስትራታ በአንድ ክላስተር ይቀርና ስታታ የስታንዳርድ ኤረሩን ቦታ ነጥብ፣ ማለትም ባዶ፣ አድርጎት ያርፋል።

ከውጭ የመጣ መመሪያ የማይነግራችሁ ደግሞ አለ፦ የኢትዮጵያ ፋይል ቀኖች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። ቀኑ የሚቀመጠው ከ1900 ጀምሮ ባሉት ወራት ቁጥር ነው። ጥር 2008 ማለት 108 ሲባዛ በ12፣ ሲደመር 5፣ ማለትም 1301 ነው፤ ሰኔ 1306። የቃለ መጠይቁ ወር (ቪ008) በእነዚህ መካከል ይወድቃል። ወደ ፈረንጅ ለመመለስ 92 ይደመራል፦ 1393፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2016። የልጁን ዕድሜ ለማስላት ለውጡ አያስፈልግም፣ ሁለቱም ወገን በአንድ አቆጣጠር ስለሆኑ መቀናነሱ በቂ ነው። የዝናብ ዳታ፣ የሌላ አገር ጥናት ወይም የፈረንጅ ቀን ያለው ፖሊሲ ሲቀላቀል ግን 92ቱን የረሳ ሰው ልደቱን ሁሉ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ይወስደዋል። ኮምፒውተሩ ምንም ቅሬታ አያሰማም።

ከዚህ በኋላ ነው ሞዴሉ። የመረጥኩት ባለ ሁለት ደረጃ ሎጂስቲክ ነው፤ ልደት በክላስተር ውስጥ። መጀመሪያ ባዶውን ሞዴል፣ ያለ ምንም ገላጭ ቫሪያብል፣ ማስኬድ ጥሩ ነው፤ የክላስተሩ ቫሪያንስ (የልዩነት መጠን) ለራሱና ለ3.29 (በሎጂስቲክ ሞዴል ለግለሰብ ደረጃ የሚወሰደው ቋሚ ቫሪያንስ) ድምር ሲካፈል ከልዩነቱ ምን ያህሉ በአካባቢዎች መካከል እንደሆነ ይነግራል። ቪ005 የሁለቱም ደረጃ ክብደት አንድ ላይ የተባዛበት ስለሆነ እንዳለ በግለሰብ ደረጃ መጨመር አይገባም፤ መከፋፈል አለበት። እሱን ማድረግ ለከበደው፣ በክላስተር የታረመ ተራ ሎጂስቲክ በክብደት መሥራት ከተምታታ ባለ ብዙ ደረጃ ሞዴል ይሻላል ባይ ነኝ።

የሀብት ደረጃው የገቢ መለኪያ አይደለም። ጣሪያ፣ ወለል፣ ቴሌቪዥን፣ ከብት የመሳሰለውን በማጠቃለል ቤተሰቡን ከአገሪቱ አንጻር ያስቀምጣል። ስለዚህ አዲስ አበባ ሙሉ ለሙሉ ማለት ይቻላል ከላይኛው አምስተኛ (ከሀብታሙ 20 በመቶ) ውስጥ ትገባለች። ክልልን ከሀብት ጋር ማባዛት የሞከረ ሰው ባዶ ሳጥኖች ይገጥሙታል፤ ኦድስ ሬሾው (የሁለት ቡድኖች «የሆነ ለአልሆነ» ንጽጽር) ይተኮሳል፣ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉም (ግምቱ ሊገኝ የሚችልበት ወሰን) ከዜሮ አጠገብ እስከ ሺህ ይለጠጣል። ሰንጠረዡን ከሞዴሉ በፊት በጥሬ ቁጥር አውጥቶ ማየት ይህን ያስቀራል። የትምህርትን ሚና የሚፈልግ ሰው ደግሞ የእርግዝና ክትትልን አብሮ ሲያስገባ ልብ ይበል፤ የተማረች እናት በተቋም የምትወልድበት አንዱ መንገድ ክትትል መሆኑ ነው፣ መንገዱን ዘግቶ «ትምህርት ለውጥ አያመጣም» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ኦድስ ሬሾን ወደ አማርኛ ስትመልሱ ተጠንቀቁ። ከከተማ ልደቶች 79 በመቶው፣ ከገጠር 20 በመቶው በተቋም ነበር። ኦድሱ በከተማ 79 ለ21፣ በገጠር 20 ለ80 ስለሆነ ሬሾው 15 አካባቢ ይወጣል። «የከተማ እናት በተቋም የመውለድ ዕድሏ 15 እጥፍ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ግን ሐሰት ነው፤ 79 ለ20 ሲካፈል 4 እጥፍ አይሞላም። ውጤቱ ብርቅ ሲሆን ሁለቱ ይቀራረባሉ፣ እዚህ ግን ብርቅ አይደለም። እኔ ከሞዴሉ የተገመቱ በመቶኛዎችን አውጥቼ በዚያ ጻፍኩ፤ ኦድስ ሬሾው በአባሪው ሰንጠረዥ ቀረ።

ርቀትን በኪሎ ሜትር የማስገባት ሐሳብ ሁሉም ሰው ይመጣለታል፤ የክላስተሮቹ የጂፒኤስ ነጥቦች በልዩ ፈቃድ ይገኛሉና። ነገር ግን የተጠያቂዎችን ማንነት ለመጠበቅ ነጥቦቹ ሆን ተብለው ተዛውረዋል፦ በከተማ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ በገጠር እስከ 5፣ ከገጠሮቹ 1 በመቶው ደግሞ እስከ 10። ጤና ጣቢያው 3 ኪሎ ሜትር ላይ ለሆነ ቀበሌ ይህ መዛወር ርቀቱን ትርጉም ያሳጣዋል። በአንጻሩ «የተቋሙ ርቀት ለሕክምና ለመሄድ ትልቅ ችግር ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ በሴቶቹ መጠይቅ ውስጥ አለ፤ ያንን ወሰድኩ። ጥያቄው የሚጠይቀው ግን ስለ ቃለ መጠይቁ ቀን ነው፣ ከአራት ዓመት በፊት ምጥ ስለያዛት ቀን አይደለም። በመካከሉ መንገድ ተሠርቶ ወይም ቤተሰቡ ሰፈር ቀይሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከቃለ መጠይቁ በፊት ባሉት 24 ወራት የተወለዱትን ብቻ ለይቼ እሱን ቫሪያብል እዚያ ላይ ብቻ ተጠቀምኩበት።