ኤፒዳውሮስ፦ በሽተኞች በሕልማቸው የሚድኑበት ቦታ

ግሪክ አገር ኤፒዳውሮስ የሚሄድ ሰው አብዛኛው የሚሄደው ለጥንታዊው ቲያትር ነው። እኔን የሳበኝ የበሽተኞቹ ታሪክ ነበር። የዛሬ 2,300 ዓመት ገደማ በሽታ የጸናበት ሰው ከመላው ግሪክ ወደዚህ ይመጣል። ገላውን ይታጠባል፣ መሥዋዕት ያቀርባል፣ ማታ በመቅደሱ ቅጥር ውስጥ ይተኛል። አስክሊፒዮስ የሚባለው የፈውስ አምላክ በሕልሙ መጥቶ ያድነኛል ብሎ ያምናል። የሕክምና ምልክት ሆኖ የምናየው በትር ላይ የተጠመጠመ እባብ የእሱ ምልክት ነው።

ያደርኩት በአቅራቢያው ባለችው ናፍፕሊዮ ነው። ከተማዋ ታምራለች። ሌሊቱ ግን ከባድ ነበር። ከመስኮቴ ሥር ያለ መጠጥ ቤት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ሙዚቃውን አላጠፋም። ጠዋት አውቶቡስ ቶሎ የለም ሲሉኝ ታክሲ ያዝኩ። በ35 ዩሮ ተስማምተን ተነሳን። ስንደርስ 50 ካልሰጠሽ አለኝ። ምክንያቱ የሻንጣ ሒሳብ ነው። የያዝኩት በጀርባ የሚነገት ትንሽ ቦርሳ ነበር። ብከራከረውም ወይ ፍንክች። ከፍዬ ወረድኩ። ቲኬት እስክቆርጥ ድረስ አንጀቴ እያረረ ነበር።

ቲያትሩ የሚባልለትን ያህል ነው። 55 የድንጋይ ረድፍ አለው፣ 14,000 ሰው ገደማ ይይዛል። እኩሌታው ላይ ተቀምጬ አንዲት አስጎብኚ መሃል ላይ የጣለችው ሳንቲም ድምፅ ጥርት ብሎ ደረሰኝ። ጎብኚዎቹ አጨበጨቡ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ወደ አውቶቡሳቸው ተመለሱ። ጥቂት ደቂቃ ርቆ ያለውን መቅደስ ሳያዩት! ይሄ ከልቤ ያሳዝነኛል። ቲያትሩ እኮ የተሠራው ለዚያ መቅደስ በዓል ነው።

በጥድ ዛፎች ሥር ወረድኩ። መጀመሪያ የሚገኘው 160 ክፍል የነበረው የእንግዶች ማረፊያ መሠረት ነው። ከዚያ ወዲያ አባቶን አለ፤ በሽተኞቹ የሚተኙበት ረጅም አዳራሽ። የተወሰኑት ዓምዶች ተጠግነው ቆመዋል። በምሥራቅ ጫፉ የውኃ ጉድጓድ አለ። እዚያ ብዙ ተቀመጥኩ። እናቴ በታመመችበት ዓመት እንጦጦ ጸበል እናመላልሳት ነበር። እምነቱ ሌላ ነው፣ አንድ ነው እያልኩ አይደለም። የአስታማሚው ነገር ግን አይለይም። ፍራሽ ተሸክሞ የመጣው፣ ሌሊት ሙሉ ትንፋሽ የሚያዳምጠው፣ ሲነጋ "እንዴት አደርክ?" ለማለት የሚፈራው ሰው እዚህም ነበር።

የዳኑት ምስክርነታቸው በድንጋይ ተጽፎላቸዋል። ሙዚየሙ ውስጥ ሰሌዳው አለ። ፊደሎቹ ደቃቅ ናቸው፣ በቃላት መካከል ክፍተት የለም። አንዷ ክሌዮ ትባላለች፤ 5 ዓመት አርግዛ እዚህ ተኛች፣ ከቅጥሩ እንደወጣች ወለደች ይላል። ሌላዋ አምብሮሲያ ናት፣ ከአቴንስ የመጣች፣ አንድ ዓይኗ የጠፋ። ሽባ በሕልም ተነሣ ሲባል ሰምታ ሳቀች። ማታ ስትተኛ አምላኩ መጣና "አድንሻለሁ፤ ለአላዋቂነትሽ ግን የብር አሳማ ስለት ታስገቢያለሽ" አላት። ዓይኗን ሰንጥቆ መድኃኒት ጨመረበት፤ ሲነጋ ድና ወጣች።

ያናደደኝም ነገር አለ። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛው ክፍለ ዘመን ቦታውን ያየው ግሪካዊው ተጓዥ ጸሐፊ ፓውሳኒያስ እንደጻፈው፣ በቅጥሩ ውስጥ መውለድም መሞትም ክልክል ነበር። ምጥ የያዛት ሴትና የሚያጣጥር ሰው ሜዳ ላይ ይጣሉ ነበር ማለት ነው። በእሱ ዘመን አንቶኒነስ የሚባል የሮም ሴናተር ቤት ሠራላቸው። እስከዚያ ድረስ ያለፉትን መቶዎች ዓመታት ሳስብ ሆዴ ባባ። ፈውስ ፍለጋ መጥተሽ፣ የባሰብሽ ቀን ውጪ!

ክቡን ሕንፃ፣ ቶሎስን፣ ዞር ዞር ብዬ አየሁት። ከሥሩ እንደ ጠመዝማዛ መንገድ የተሠሩ ክብ ግንቦች አሉ። ለምን እንደተሠሩ ሊቃውንቱ እስካሁን አልተስማሙም።

ከዚያ በእግሬ ወደ ሊጉሪዮ መንደር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ደጃቸው ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት በእጃቸው ጠሩኝ። ቋንቋ አንግባባም። ቀዝቃዛ ውኃ ሰጡኝ፣ ብርቱካን ልጠው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። አውቶቡስ እንደምጠብቅ ሲገባቸው ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ፌርማታው ድረስ ሸኙኝ፣ እስኪመጣም አብረውኝ ቆሙ። ለሾፌሩ የሆነ ነገር ነገሩት። ናፍፕሊዮ ስንደርስ ከኋላ ድረስ መጥቶ "እዚህ ነው" ብሎ በምልክት አሳየኝ። ዋጋው 5 ዩሮ እንኳ አልሞላም።

የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት በር ሲከፈት ቀጥታ ወደ አባቶን ውረዱ። የአስጎብኚ አውቶቡሶቹ ሲመጡ ሁሉም ወደ ቲያትሩ ነው የሚወጣው። ቲያትሩን ከሰዓት በኋላ ታዩታላችሁ።