አባባን ያሳሳተብኝ አፕ

የከፈልንበት የሩጫ ውጤት አፕ ቆመብኝ ብዬ ብቻ ይህን አልጽፍም ነበር። ዕቃ ይበላሻል። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክም ይሄዳል፤ ለደሴ ሰው ይህ አይነገረውም። የሚያንገበግበኝ ግን ተበላሽቶ ሳለ ደህና ነኝ ማለቱ ነው።

አፑን ያስገባነው ለአባባ ነው። አባባ በአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ግላኮማ ዓይናቸውን ከወሰደባቸው ወዲህ ቴሌቪዥን ቢከፈትም ድምፁን ብቻ ነው የሚሰሙት። የሩጫ ፍቅራቸው ግን አልቀነሰም። ምሩፅ ይፍጠር በ1972 ሞስኮ ላይ 5,000ውንም 10,000ውንም ሲያሸንፍ እሳቸው ገና ረዳት ነበሩ፤ ባቲ ላይ መኪና አቁመው በሬዲዮ እንደሰሙት ሲያወሩ ዛሬም ድምፃቸው ይለወጣል። የሲድኒን 10,000 ሜትር ደግሞ ከነሰዓቱ ይዘውታል፦ ኃይሌ ገብረሥላሴ 27:18.20፣ ፖል ቴርጋት 27:18.29። ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ። ልጆች እያለን ጭብጨባ እንኳ ከዚያ ይረዝማል ይሉን ነበር።

ሩጫን የሚከታተሉት ሾፌር ሞተር እንደሚያዳምጠው ነው። የእያንዳንዱን ዙር ሰዓት ካነበብኩላቸው ማን ጉልበቱን እንደቆጠበ፣ ማን እንደተቃጠለ ይነግሩኛል። የቴሌቪዥኑ ተናጋሪ ግን ስም ይጠራል እንጂ የዙር ሰዓት ሁልጊዜ አይናገርም፤ ማየት ለሚችል ሰው ስክሪኑ ላይ ተጽፎለታላ። አፑ የሚሸጠው ይህንን ነው። በነጻ የሚገኘው የመጨረሻው ውጤት ነው፤ ለሚከፍል ደግሞ እያንዳንዱን ዙር፣ ቅደም ተከተሉን፣ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት በቀጥታ አሳያለሁ ይላል። ለኛ ቤት የተሠራ ነበር የመሰለኝ። የኔ የባንክ ካርድ ለውጭ ክፍያ ስለማይሆን ጅዳ ያለችው እህቴ በራሷ ካርድ ገባችልን፤ በየወሩ ከሷ ይቆረጣል። ሰው ቤት ሠርታ የምታገኘው ገንዘብ ነው። «ለአባባ ከሆነማ ምን አላት» ብላ ወሬውን ቀየረችው።

መስከረም 4 ቀን 2018፣ እሁድ። የቶኪዮው የዓለም ሻምፒዮና፣ የወንዶች 10,000 ሜትር። እዚያ ማታ ነው፣ እዚህ ገና ከሰዓት። የኛ ሰፈር መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ ጉሙ የጦሳን ተራራ ሸፍኖታል፤ አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፍራሹ ላይ፣ እኔ አጠገባቸው ስልኬን ይዤ። መጀመሪያ ላይ አፑ በደንብ ሠራ። የዙሩን ሰዓት እየጠራሁ ሳለ አባባ ሩጫው ቀርፋፋ መሆኑ ቶሎ ገባቸው። የዓለም ክብረ ወሰኑ 26:11 ስለሆነ በዚያ ፍጥነት አንዱ ዙር 63 ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ የዕለቱ ግን ሲያልቅ በአማካይ ከ69 በላይ ነበር። «አብሽሪ ሆዴ» አሉኝ፣ «ይሄ የመጨረሻው ዙር ሩጫ ነው። ያኔ በደንብ አንብቢልኝ።»

ያኔ ነው የቆመው። «3 ዙር ቀረ» የሚለው ጽሑፍ እዚያው ቀረ። ከጎኑ «ቀጥታ» የሚለው ቀይ ነጥብ ግን ብልጭ ድርግም ማለቱን አላቋረጠም። ወደ ታች እየጎተትኩ አደስኩት፣ ምንም። አባባ «እሺ፣ ስንት ገባ?» ይላሉ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ደግሜ አደስኩት። ድንገት «3 ዙር ቀረ» ጠፍቶ «ተጠናቀቀ» የሚል መጣ፤ ከሥሩ ዮሚፍ ቀጀልቻ፣ 1ኛ።

ጮህኩ። «አባባ፣ ዮሚፍ! ዮሚፍ ወሰደው!» አባባ በርከክ አሉና «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» እያሉ እጄን ፈልገው ያዙኝ። እንባቸው ወረደ። ከቶኪዮ ተመልሶ ሲመጣ እንዴት እንደሚቀበሉት ማውራት ሁሉ ጀምረው ነበር። በዚህ መሀል የእህቴ ድምፅ በኢሞ ገባ፦ «ለትንሽ! ለትንሽ እኮ ነው ፈረንሳዩ የቀደመው! አባባ እንዳያዝኑ፣ ሁለተኛም ትልቅ ነገር ነው በያቸው።»

ጂሚ ግሬሲየር 28:55.77፣ ዮሚፍ 28:55.83፣ ስዊድናዊው አንድሪያስ አልምግሬን 28:56.02። ለአባባ የነገርኳቸው እኔው ነኝ፤ ሌላ ማን ይነግራቸዋል? ዝም አሉ። ቆይተው «በስንት?» አሉ። በ6 መቶኛ አልኳቸው። «ከሲድኒው ይጠባል» አሉና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ይህንን ሁሉ ስናወራ አፑ ላይ ዮሚፍ አሁንም አንደኛ ነበር፤ ቀይዋ ነጥብም እየበራች።

አፑን ይቅር የማልለው ለዚህ ነው። በዓለም ሻምፒዮና የብር ሜዳሊያ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። እንደ ሆነው ብንሰማው ኖሮ አባባ ደስ ብሏቸው፣ በ6 መቶኛ ተቆጭተው፣ ያችን የመጨረሻ ዙር እስከ ማታ እየተነተኑ ይውሉ ነበር። ብሩን የሰማነው ግን ወርቅ ተሰጥቶን እንደተወሰደብን ሆኖ ነው። ልጁ ያን ያህል ታግሎ ያመጣው ሜዳሊያ ቤታችን የገባው በኀዘን ነው፤ ይህ ለዮሚፍም አይገባውም።

ለድርጅቱ ጻፍኩላቸው። የመጣልኝ መልስ ኢንተርኔትዎን ያረጋግጡ፣ አፑን አጥፍተው እንደገና ይጫኑ የሚል ነው። ኢንተርኔቴማ ደህና ነበር፤ የእህቴ ድምፅ ከጅዳ የደረሰኝ በዚያው ስልክ፣ በዚያው ደቂቃ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የውድድሩ ሁኔታና የሯጮቹ ደረጃ በየራሳቸው መንገድ ነው የሚመጡት፤ አንዱ ሲደርስ ሌላው ቀርቶ አሮጌው ዝርዝር የመጨረሻ ውጤት መሰለ። ባለሙያ ስላልሆንኩ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ መቼ እንደደረሰ ከጎኑ መጻፍ ግን ከባድ ሥራ አይመስለኝም፤ አዲስ መረጃ ካልመጣ ደግሞ ቀዩን ነጥብ ማጥፋት። አባባ ራሳቸው ማታ ላይ «ሬዲዮ እንኳ ጣቢያው ሲጠፋበት ይንጫጫል፤ እንደጠፋ ታውቂያለሽ» አሉኝ። ለድርጅቱ በጻፍኩት ሁለተኛ ደብዳቤ ይህንኑ ቃላቸውን አስገባሁት።

መልስ ገና አልመጣም። ከእህቴ ጋር በኢሞ እየተነጋገርን ክፍያውን አስቁመናል፤ የማቆሚያውን ቦታ ማግኘቱ ራሱ ብዙ አደከመን፣ ለመክፈል ግን አንድ ጊዜ መንካት በቅቶን ነበር። እስከ ወሩ መጨረሻ ይሠራል ይላል። እህቴ ሌላ የተሻለ አፕ ልፈልግላችሁ ብላለች። የዙሩ ሰዓት መቼ እንደደረሰ የሚያሳይ ከሆነ እሺ፣ ካልሆነ ገንዘብሽን ያዢ አልኳት።