ስንተኛዋ ሲንደሬላ? የዲስኒን ስም አምነው ለልጆች ፊልም ለሚከፍቱ ወላጆች

አሜሪካ ተወልዶ ያደገ ወላጅ ለልጁ የዲስኒ ፊልም ሲመርጥ መካሪ አያስፈልገውም። ዋናው አላዲን የትኛው እንደሆነ፣ ለገበያ ተብሎ ከኋላ የተቀጠለው የትኛው እንደሆነ ከልጅነቱ ያውቀዋል። ጎንደር፣ ደሴ ወይም አዲስ አበባ አድጎ የመጣው ወላጅ ግን ይህ ትዝታ የለውም። የሚያውቀው ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ስም ነው። የማታ ፈረቃ ሊገባ ሲቻኮል "ዲስኒ ከሆነ ለልጅ ክፉ አይሆንም" ይልና ዓይኑን ጨፍኖ ይገዛል፤ ዛሬ ደግሞ የኩባንያውን የኢንተርኔት ፊልም ማሳያ ዲስኒ ፕላስን ከፍቶ ሪሞቱን ለልጁ ያቀብላል።

ርካሽ ተከታዮችና ሪሜኮች (የድሮ ፊልም እንደገና ሲሠራ) የስቱዲዮውን ስም አበላሽተዋል ወይ የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚካሄደው የመጀመሪያዎቹን ፊልሞች እያዩ ባደጉ ሰዎች መካከል ነው። "ልጅነቴን አረከሱብኝ" ይላሉ። ይሄ ብዙም አያሳምንም። የ1994ቱ ላየን ኪንግ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ዛሬም ቢከፈት እንደ ድሮው ያስለቅሳል። የሚጎዳው ሳያይ፣ በስም ብቻ የሚገዛው ሰው ነው፤ ከእንደዚህ ዓይነቱ ሰው መካከል ደግሞ ስደተኛው ወላጅ ከፊት ይሰለፋል።

ነገሩ የተጀመረው በአላዲን ነው። ፊልሙ በ1992 በዓለም ሲኒማ ቤቶች የዓመቱን ከፍተኛ ገቢ ካስገባ በኋላ የኩባንያው የቴሌቪዥን ክፍል በስሙ ተከታታይ ፊልም ማዘጋጀት ጀመረ። ለተከታታዩ መክፈቻ የታሰቡት ክፍሎች አንድ ላይ ተሰፍተው "ዘ ሪተርን ኦፍ ጃፋር" ተባሉና በ1994 ሲኒማ ቤት ሳይገቡ በቀጥታ በቪኤችኤስ ካሴት ወጡ። ሥዕሉን የሠሩት አውስትራሊያና ጃፓን የነበሩት የኩባንያው ቅርንጫፎች ናቸው። የመብራቱን ጂኒ በድምፁ ነፍስ የዘራበት ተዋናይ ሮቢን ዊልያምስ ድምፄን ለዕቃ መሸጫ አዋላችሁት ብሎ ከኩባንያው ጋር ተኳርፎ ስለነበር አልተመለሰም፤ በእሱ ቦታ የቴሌቪዥኑ ካርቱን የሆሜር ሲምፕሰን ድምፅ የሆነው ዳን ካስቴላኔታ ገባ። ዊልያምስ ይቅርታ ተጠይቆ በ1996ቱ ሦስተኛ ክፍል ላይ ተመልሷል። ሁለቱን በተከታታይ የሰማ ሰው ልዩነቱን ለመለየት ባለሙያ መሆን አያስፈልገውም።

ለ"ጃፋር" የወጣው ገንዘብ ከዋናው ፊልም ወጪ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነበር፤ የተሸጠው ካሴት ግን ከ10 ሚሊዮን በላይ ነው። ሲኒማ ቤት ከትኬቱ ግማሽ ያህሉን ለራሱ ያስቀራል። ካሴት ላይ ይህ ድርሻም፣ ሲኒማ ለማስመረቅ የሚፈሰው ከባድ የማስታወቂያ ወጪም የለም። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው! በ1998 ላየን ኪንግ 2 እና ፖካሆንታስ 2፣ በ2000 ሊትል መርሜይድ 2፣ በ2002 ሲንደሬላ 2፣ በ2006 ደግሞ ባምቢ 2፣ ያውም ዋናው ባምቢ ከወጣ ከ64 ዓመት በኋላ።

ርካሽነቱ የት ላይ እንደሚታይ ለማወቅ ሲንደሬላ 2ን ማየት ይበቃል። ፊልሙ አንድ ታሪክ የለውም። ሦስት ትንንሽ ታሪኮች ናቸው፦ ሲንደሬላ ቤተ መንግሥት ስትገባ፣ አይጡ ጃክ ሰው ሲሆን፣ የእንጀራ እህቷ አናስታዥያ ከዳቦ ጋጋሪ ጋር ፍቅር ሲይዛት። ሦስቱን የሚያያይዘው አይጦቹ የሚያዘጋጁት የታሪክ መጽሐፍ ነው። እያንዳንዱ ታሪክ ርዝመቱ ከማስታወቂያ የተረፈ የግማሽ ሰዓት የቴሌቪዥን ፕሮግራም ያህል ነው፤ ሲጀመርም ለቴሌቪዥን የታሰበ ሥራ ይመስላል። የ2003ቱ የአትላንቲስ ተከታይማ ከተሰረዘ የቴሌቪዥን ተከታታይ ሦስት ክፍሎች ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። ልጅ ይህን በቃል አይነግራችሁም፤ ግን 20 ደቂቃ ላይ ተነስቶ ይሄዳል። ታሪኩ እዚያ ላይ አልቋላ!

ሥዕሉን ደግሞ ቁጥር ይናገራል። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳልፋል። በእጅ የሚሣል ጥሩ ፊልም እንደ እንቅስቃሴው ፍጥነት በሰከንድ 12 ወይም 24 ሥዕል ይፈልጋል። በ12ቱ እንኳ ቢሰላ 75 ደቂቃ ለአንድ ገጸ ባሕርይ ብቻ 54,000 ሥዕል ማለት ነው። ገንዘብና ጊዜ ሲያጥር የመጀመሪያው መቁረጫ እዚህ ላይ ነው፤ ሰውየው ይቆማል፣ አፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከኋላው ያለው ሕዝብ ደርቆ ይቀራል። ከገጸ ባሕርዩ ሥር ጥላ ይጠፋል። የሲንደሬላን የዳንስ ቀሚስ ጫፍ ብቻ ተከታተሉ፦ በ1950ው ፊልም ላይ ስትዞር ገላዋ ቀድሞ ይዞራል፣ ጨርቁ ዘግይቶ ይከተላል፣ ስትቆምም ትንሽ ተወዛውዞ ይረጋል። ያኔ አብዛኛውን ትዕይንት በመጀመሪያ በእውነተኛ ተዋንያን ቀርጸው፣ ሠዓሊዎቹ ያንን እያዩ ነው የሠሩት። በክፍል ሁለቱ ላይ ቀሚሱ እንደ ተለጠፈ ወረቀት ከገላዋ ጋር አብሮ ይሄዳል።

አሁን ያለው ትውልድ የማያውቀው አንድ የሽያጭ ዘዴም ነበር። ዲስኒ የቆዩ ፊልሞቹን ለተወሰነ ጊዜ ይሸጥና ከገበያ ያነሳቸው ነበር፤ "ወደ ካዝና ገባ" ይባላል። ዋናዋ ሲንደሬላ በ1995 በካሴት ወጥታ ካዝና ከገባች በኋላ እስከ 2005 ድረስ እንደ አዲስ አልወጣችም። ሲንደሬላ 2 መደርደሪያ ላይ የተደረደረችው ግን በ2002 ነው። ስለዚህ በዚያ ዓመት ሱቅ ገብቶ "ሲንደሬላ አለ?" ብሎ የጠየቀ ወላጅ አዲስ ሆና የምታገኘው የቷን እንደሆነ አስቡት። ይሄ ስምን ጥሬ ገንዘብ አድርጎ መብላት ካልሆነ ሌላ ምን ይባላል?

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ዕቃም አለ። በ1990ዎቹ ጉድታይምስ የሚባል ኩባንያ ተረቱ የማንም ስላልሆነ የራሱን አላዲን ሠርቶ፣ በሚመሳሰል ሽፋን በርካሽ ይሸጥ ነበር። ዲስኒ በ1993 ኒው ዮርክ ላይ ከስሶ ሊያስቆመው ሞክሮ አልሆነለትም። ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ውስጥ እነዚህ ዛሬም ከዲስኒዎቹ ጋር ተቀላቅለው ይገኛሉ። "የዲስኒ ፊልም ድሮ ደካማ ነበር" ከሚሉት መካከል ያዩት የዲስኒን ያልሆነ ጥቂት አይደሉም።

ጉዳት አለ የለም ለሚለው ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃ ከውስጥ የመጣው ነው። ዋልት ዲስኒ ራሱ በ1933 ሦስቱ ትንንሽ አሳማዎች በሚለው አጭር ፊልም ሕዝቡን ካስደሰተ በኋላ "ሌላ የአሳማ ፊልም አምጣ" ተብሎ ተወተወተ። ሠራ፤ እንደ መጀመሪያው አልሆነም። አሳማን በአሳማ መብለጥ አይቻልም ያለው ከዓመታት በኋላ ይህን ሲያስታውስ ነው (የኛ አንባቢ አሳማውን ይለፈን)። ቆየት ብሎ ደግሞ ቶይ ስቶሪን የሠራው የአኒሜሽን ስቱዲዮ፣ የፒክሳር አለቃ የነበረው ስቲቭ ጆብስ በ2004 እነዚህን ተከታዮች አሳፋሪ ናቸው ሲል በይፋ ተናገረ። ዲስኒ በ2006 ፒክሳርን በ7.4 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ የአኒሜሽኑን ሥራ የተረከቡት የፒክሳር ሰዎች በ2007 የክፍል ሁለቱን ምርት አስቆሙ። የሚያመርታቸው የነበረው ዲስኒቱን ስቱዲዮስ ለዓመታት እንደ ቲንከር ቤል ያሉትን ፊልሞች ሲሠራ ቆይቶ በ2018 ተዘጋ። ወጪው ትንሽ፣ ሽያጩ የተረጋገጠ ዕቃ ነው የቆመው። የሒሳብ መዝገቡ በእጁ ያለ ሰው እንዲህ ያለውን ገቢ የሚያስቆመው የሚበላው ስሙን እንደሆነ ስለገባው ነው።

ቶይ ስቶሪ 2ም ያንኑ ያሳያል። ሲጀመር በቀጥታ ለቪዲዮ የታሰበ ርካሽ ሥራ ነበር። በ1998 ለሲኒማ እንዲሆን ተወሰነ፤ ፒክሳር ደግሞ መውጫው ሲቃረብ ታሪኩን አፍርሶ በወራት ውስጥ እንደገና ሠራው። በኅዳር 1999 ወጥቶ ከ480 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ክፍል ሁለት መሆን በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ሠራተኛው፣ ጊዜውና ገንዘቡ ናቸው የሚወስኑት። ከርካሾቹም ደህና የሚባሉ አሉ፤ የ2004ቱ ላየን ኪንግ 1½ ታሪኩን በቲሞንና ፑምባ ዓይን ስለሚያየው ያስቃል፣ የ2007ቱ ሲንደሬላ 3ም ከክፍል ሁለቱ በብዙ ይሻላል። ፖካሆንታስ 2ን ግን በነፃም አንመክርም።

ሪሜኮቹ ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ ርካሽ አይደሉምና። የ2019ኙ ላየን ኪንግ ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ከመክፈቻው የፀሐይ መውጫ በስተቀር አንድም በእውነተኛ ካሜራ የተቀረጸ ትዕይንት የለውም፤ ሁሉም የኮምፒውተር ሥራ ነው። ችግሩ አንበሳው ከእውነተኛ አንበሳ እንዳይለይ ተብሎ ፊቱ መታሰሩ ነው። አባቱ ሙፋሳ ሲሞት የግልገሉ ቅንድብ፣ የከንፈሩ መንቀጥቀጥ፣ በእርሳስ የተሠራው ፊት የሚናገረው ሁሉ እዚህ የለም። ተመልካች ብዙ ከፍሎ ያየውም ከመጀመሪያው ፊልም በተበደረው ፍቅር ነው። ይህ ብድር ደግሞ ሁልጊዜ አይገኝም፦ የ2025ቱ ስኖው ዋይት ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት ከሲኒማ የተሰበሰበው 205 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ የሲኒማ ቤቶቹ ድርሻ ሲቀነስ ኪሳራው ግልጽ ነው። በዚያው ዓመት ሊሎ ኤንድ ስቲች ከ1 ቢሊዮን አለፈ። በስሙ ብቻ መሸጡ ቢያበቃም ስሙ ገና አልሞተም ማለት ነው።

ሪሜክ ለኛ ዓይነቱ ወላጅ የሚያመጣው ጣጣ የስም መመሳሰል ነው። ዲስኒ ፕላስ ላይ "ላየን ኪንግ" ብላችሁ ብትፈልጉ የ1994ቱ፣ የ1998ቱ፣ የ2004ቱና የ2019ኙ አጠገብ ለአጠገብ ይደረደራሉ፣ የ2024ቱ ሙፋሳም ይከተላል። የ1994ቱና የ2019ኙ ስማቸው አንድ ነው። ፊልሙን ከመክፈታችሁ በፊት ዝርዝር መረጃ የሚለውን ነክታችሁ ዓመቱን፣ ርዝመቱንና ዳይሬክተሩን እዩ። ላየን ኪንግ 88 ደቂቃ ከሆነ ዋናው ነው፣ ዳይሬክተሮቹም ሮጀር አለርስና ሮብ ሚንኮፍ ናቸው፤ 118 ደቂቃ ከሆነ የጆን ፋቭሮው ሪሜክ ነው። ለሲንደሬላ ርዝመት አይረዳም፣ የ1950ውም ክፍል ሁለቱም ወደ 75 ደቂቃ ይጠጋሉና፤ እዚያ ዓመቱን ብቻ እመኑ። ጥርጣሬ ካለ መጨረሻ ላይ ስሞች ሲያልፉ ጠብቁ፦ በ1990ዎቹ ለተሠራ ዋና ፊልም "ዋልት ዲስኒ ፊቸር አኒሜሽን"፣ ከ2007 ወዲህ "ዋልት ዲስኒ አኒሜሽን ስቱዲዮስ" ይላል። "ዲስኒቱን" ወይም "ቴሌቪዥን አኒሜሽን" ካላችሁ የርካሹ መስመር ነው።

ያገለገለ ዲቪዲ ስትገዙ ሽፋኑ ጀርባ ላይ በትንሹ የተጻፈው ዓመት ብዙ ጊዜ የሕትመቱ እንጂ የፊልሙ አይደለም፤ የ1950 ፊልም ላይ 2005 ተጽፎ ቢገኝ አትደንግጡ። ወደ አገር ቤት ለእህት ልጆች የምትልኩ ከሆነም ዲቪዲ በዓለም ክልል (ሪጅን) ተከፍሎ ነው የሚሸጠው፦ የአሜሪካው ሪጅን 1 ነው፣ ኢትዮጵያ ሪጅን 5 ውስጥ ናት፤ ማጫወቻው ለሁሉም ክፍት ካልሆነ አይከፍተውም። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ የአሜሪካ ዘመድ "ሞአና" ያለውን ፊልም ጀርመን፣ ፈረንሳይ ወይም ስዊድን ውስጥ "ቫያና" ብላችሁ፣ ጣሊያን ውስጥ "ኦሴያኒያ" ብላችሁ ፈልጉ።

ሞአና ካነሳን፣ የ2024ቱ ሞአና 2 ለዲስኒ ፕላስ ተከታታይ ተብሎ ተጀምሮ መሀል ላይ ወደ ሲኒማ የተቀየረ ነው፤ መንገዱ የአትላንቲስ ተከታይ ሆኖ በጀቱ ብቻ አድጓል። ታሪኩ ላይ አዳዲስ ሰዎች ገብተው ምንም ሳይሠሩ የሚወጡት ለዚህ ይመስለናል። ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ስላስገባ ግን ማንም አልተቆጣም። ዋናዋ የ2016 ሞአና 10 ዓመት ሳይሞላት በሰው ተዋንያን የተሠራው ሪሜክ ለጁላይ 2026 ተቀጥሮላታል፤ ዲስኒ ፕላስ ላይ ሲገባ ስሙ ያው ስለሚሆን፣ ለልጃችሁ ስትከፍቱ 2016 የሚለውን ፈልጉ።