ጥግ ላይ ያለችው ሰዓት

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው፣ ነገ ደግሞ ሥራ አለ። እንደ ልማዴ ላፕቶፑን ከፈትኩና አዲስ አበባ እማዬ ቤት ያለው ኮምፒውተር ውስጥ፣ ከባሕር ማዶ ሆኜ በኢንተርኔት ገባሁ።

ያው ዳንቴል የለበሰው፣ ሳሎን ጥግ ያለው። ታናሼ ከሄደ ወዲህ የሚነካው ሰው የለም። እማዬ አቧራውን ትጠርግለታለች፣ አለቀ። ውስጡ ያሉት የድሮ ፎቶዎችና የእድሩ ሒሳብ ናቸው። ገንዘብ ያዧ እሷ ናት። በስልክ ታነብልኛለች፣ እኔ ከዚህ ሆኜ ኤክሴሉ ላይ እሞላለሁ።

ዛሬ ግን የሚሞላ ሒሳብ አልነበረም። እውነቱን ልናገር፣ የምገባው ለሰዓቷ ነው። ስክሪኑ ግርጌ፣ ቀኝ ጥግ ላይ የአዲስ አበባ ሰዓት አለች። ወዲያ በኩል ደግሞ የአየሩ ሁኔታ፦ ትንሽዬ ፀሐይ፣ 12 ዲግሪ። ዝም ብዬ አያቸዋለሁ። በቀደም እዚህ እንደየዓመቱ ሰዓት ሁሉ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ ልዩነታችን ከ7 ወደ 8 ሰዓት ከፍ አለ። ቁጭ ባልኩበት አንድ ሰዓት ራቅኩ።

እያየሁ ሳለ አንድ መልእክት ብቅ አለ። የምገባበት ፕሮግራም አዲስ ቨርዥን መጥቶለታል፣ ይጫን ወይ?

እንጀራዬ ይሄ ነው እኮ። ለደንበኛ ሁሉ የምሰብከው፣ የገባህበትን በር እዚያው ውስጥ ሆነህ አትነካካ፣ መጀመሪያ ሌላ መግቢያ አዘጋጅ እያልኩ ነው። አዲሱ ሲጫን አሮጌውን ያስቆመዋል፣ ያኔ አንተ ውጭ ነህ። ስክሪኑ ላይ «ልቀጥል?» ብሎ ቢጠይቅ ማን ይጫንለታል? የኔትዎርክ ሰዎች ከሩቅ ራውተር ከመንካታቸው በፊት «ሪሎድ ኢን 10» ብለው ይጽፋሉ። ቢሳሳቱና ቢቆለፍባቸው፣ በ10 ደቂቃው ራሱን አጥፍቶ ሲነሳ ወደ ድሮው ይመለሳል።

እኔ «አዎ» አልኩ።

ሰዓቷ 7፡07 ላይ ቆመች። እማዬ ብታያት 1፡07 ነው የምትለው። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ። ቁልፉን ውስጥ ትቼ በሩን ሳብኩት ማለት ነው።

ደወልኩ።

«እማዬ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ምን ይታያል?»

«ቆይ ልጄ፣ ኅዳር እያጠንኩ ነው።»

ለካ ኅዳር 12 ነው! ስታስል ይሰማኛል፣ ከኋላዋ የጎረቤት ልጆች ይጮኻሉ። አያቴ ከእናቷ የሰማችውን ትነግረን ነበር፤ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሲገባ ሰው ቀባሪ አጣ ብላ። እኛ ምን ገዶን፣ ለእኛ እሳት ነበር። አንድ ዓመት የሒሳብ ደብተሬን ከቆሻሻው ጋር አብሬ ማገድኩት። 3 ከ10 ያለበት ገጽ ቶሎ አልያዝ ብሎ በእንጨት ገፋሁት። ጭሱ ለቀናት ከሹራቤ አይለቅም ነበር። እዚህ ሽንኩርት ትንሽ ካረረብኝ ኮርኒሱ ላይ ያለው ደወል ሕንፃውን ሁሉ ይቀሰቅሳል።

«በላህ?»

«እማዬ፣ እዚህ እኮ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው።»

«ታዲያ ለምን አትተኛም?»

ስልኩን ከዘጋን በኋላ ነው ኮምፒውተሩ ትዝ ያለኝ። መልሼ ደወልኩ።

«ዳንቴሉን ገለጥ አድርጊውና...»

«መብራት የለም እኮ።»

«መቼ ሄደ?»

«እኔ እንጃ፣ ውጭ ነበርኩ።»

መብራቱ ይሁን የኔ «አዎ»፣ ማን ያውቃል? ደግነቱ መብራት ሲመጣ ራሱ እንዲነሳ አድርጌዋለሁ። ያቺን እንኳ በጊዜው አስቤባታለሁ።

አሁን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከሩብ ሆኗል። በየአምስት ደቂቃው እሞክራለሁ፣ አሁንም ጥቁር ነው። ስልኬ ላይ አዲስ አበባን የሰዓቶቹ ዝርዝር ውስጥ መጨመር እኮ ሁለት ጊዜ መንካት ብቻ ነው። ለስንቱ ደንበኛ አሳይቻለሁ። የራሴ ላይ ግን ለምንድን ነው እስካሁን ያልጨመርኩት?